አንድ ሰው ውስጥ አለ

አባቴ ባቡር አይተው አያውቁም። ይሁን እንጂ እኔ ስንት ዓመት ደብተር ይዤ የተማርኩትን ነገር፣ እሳቸው ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በአንድ መቋሚያ ሲሠሩት ኖረዋል።

ይህን ያወቅሁት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው። የባቡር ምልክትና ቁጥጥር ስንማር መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ነጠላ ሐዲድ ሣለ። ሁለት ባቡሮች ከሁለት ጫፍ ገብተው እንዳይላተሙ በድሮ ጊዜ ምን ይደረግ እንደነበር ነገረን። ለዚያ መንገድ አንድ በትር ብቻ ይኖራል፤ በትሩን በእጁ ያልያዘ ነጂ አይገባም። በትሩ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊሆን ስለማይችል፣ ሁለት ባቡርም በአንድ ጊዜ ሊገባ አይችልም። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። መምህሩ ምን እንዳሳቀኝ ቢጠይቀኝ «ይህን የሚያደርግ ሰው አውቃለሁ፤ አባቴ ናቸው» አልኩት።

«የባቡር ሠራተኛ ናቸው?»

«አይ፣ ገበሬ ናቸው። ላስታ ነው ያሉት።»

ክፍሉ በሙሉ በሳቅ አውካካ። ተናድጄ ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር ሳልነጋገር ዋልኩ። ቁጡ ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ መናገር ይሻላል።

ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚወስደውን መንገድ ይዘው ሲሄዱ፣ ከመንገዱ ተገንጥሎ ትንሽ በእግር የሚያስኬድ ቅያስ አለ፤ የኛ ደብር እዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከዓለት ተፈልፍሎ ጉድጓድ በመሰለ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ወደ ግቢው የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በዓለቱ ሆድ የተቦረቦረ፣ ስድሳ እርምጃ የሚሆን መተላለፊያ። ወርዱ ለአንድ ሰው ነው። ጣሪያው መሐሉ ላይ ዝቅ ስለሚል ረጅም ሰው አጎንብሶ ያልፋል፤ በቀትርም ጨለማ ነው። የሚገባውም የሚወጣውም በዚያው ነው።

በአዘቦት ቀን ምንም ችግር የለውም። በዓመታዊው ንግሥ ቀን ግን ከላሊበላውም፣ ከዋድላውም፣ ከቆላውም ሕዝቡ ይተማል። አባቴ ጎረምሳ ሳሉ በአንዱ ዓመት ገቢና ወጪ መሐል ላይ ተገናኙ። ወደፊትም ወደኋላም አልሆን አለ። ራሱን የሳተ ሰው በእጅ በእጅ እየተላለፈ ወጣ። ማንም አልሞተም፤ ግን ከታፈኑት አንዱ አባቴ ነበሩ፤ ታሪኩን የሚነግሩን ሁልጊዜ ባጭሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው መቋሚያው የመጣው። አባቴ በውጪው አፍ፣ አንድ ዲያቆን በውስጠኛው አፍ ይቆማሉ። አርባ የሚሆን ሰው ይገባና ለመጨረሻው ሰው መቋሚያው ይሰጠዋል። መቋሚያው በውስጠኛው አፍ ለዲያቆኑ ሲደርስ መተላለፊያው ባዶ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚወጡት ተራቸውን ይይዛሉ፤ መቋሚያውም ከመጨረሻው ወጪ ጋር ተመልሶ አባቴ እጅ ይገባል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ተሠርቶ አንድ ሰው እንኳ ጎኑን አልተነካም። በመንደሩ ውስጥ አባቴ የሚታወቁት በእርሻቸው ሳይሆን በዚህ ነበር።

ችግሩ፣ የኛ ሰው መቋሚያ ተሰጥቶት ዝም ብሎ አለመያዙ ነው። መጀመሪያ ይሳለመዋል። ቀጥሎ ከፊቱ ያለውን ያሳልመዋል። ወገቡን የሚያመው ወገቡን ያሽበታል። ዓመት በዓመት የመቋሚያው ክብር እየጨመረ፣ የመተላለፊያው ጉዞ እየዘገየ ሄደ። አምና ጭራሽ አንዲት ከኮን የመጡ እናት መቋሚያው ለበረከት የተሰጣቸው መሰላቸውና ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገው ግቢው ውስጥ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቀሉ። ዲያቆኑ መቋሚያውን አላገኘም። አባቴም መቋሚያው ሳይመጣ ማንንም አላሳልፍ አሉ። ተለመኑ፣ ተቆጧቸው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ውጪ ያለው ውጪ፣ ውስጥ ያለው ውስጥ ፀሐይ አናቱ ላይ እስክትወጣ ቆመ። መቋሚያው ተፈልጎ ሲገኝ፣ ከሁሉ አብልጠው «ኧረ በማርያም ምነው አዘገዩን!» እያሉ ሲጮኹ የነበሩት የኮኗ እናት ነበሩ።

የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ላሊበላ ሱቅ ያላቸው፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው ናቸው። በማግስቱ አባቴን አስጠርተው «መቋሚያው ይበቃል» አሏቸው። «ልጅዎ የባቡር መብራት የምትሠራ አይደለች? መጥታ ታብጀው። ካልሆነም በርስዎ ቦታ ጎልማሳ እናቆማለን።»

አባቴ በዚያው ቀን ደወሉልኝ። የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ፣ የባቡሩን መብራት ይዘሽ ነይ።»

መንደሩ ውስጥ እኔ ባቡር የምነዳ ነኝ፤ ያላረምኩት ጊዜ የለም፣ የተቀበለኝ ግን የለም። እውነተኛው ሥራዬ እንዲህ ነው። ከሐዲዱ ጎን ትንሽ ሳጥን ይገጠማል፤ ባቡሩ ሲያልፍ እግሮቹን፣ መንኮራኩሮቹን ማለቴ ነው፣ ይቆጥራል። በመንገዱ ሌላኛው ጫፍ ያለው ሳጥንም ሲወጣ ይቆጥራል። የገባውና የወጣው እኩል ከሆነ መንገዱ ባዶ ነው፤ ኮምፒውተሩ አረንጓዴ ያበራል። አንዲት እግር እንኳ ብትጎድል ቀይ ነው። ድሮ ሰው በባንዲራና በስልክ ይሠራው የነበረውን እኛ ወደዚህ እንቀይራለን፤ በቀየርን ቁጥር ባንዲራ የያዘ አንድ ሽማግሌ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ግድ ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር። አባቴ ሲደውሉ ግን ባንዲራ የያዘው ሽማግሌ ታወሰኝ። ሥራዬ ከሠመረ ከበሩ የማነሣቸው እኔው ራሴ ነኝ፤ ካልሠመረም ሌላ ሰው ያነሣቸዋል። ያለ በሩ ደግሞ አባቴን ማሰብ አልቻልኩም።

የሥራ ባልደረባዬ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ነገሩን ብነግረው «እኔስ ወሎዬ አይደለሁም? ላስታን ሳላይ ልሙት?» ብሎ፣ የዘንድሮው ንግሥ ሲቃረብ ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ ወጣ። ሰው ሲያልፍ የሚቆጥሩ ሴንሰሮች፣ መብራቶች፣ ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ፣ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር፣ ጥቅል ሽቦና ከሶላር ጋር የሚሠራ ባትሪ ይዘን ነው የመጣነው። አባቴ ባልደረባዬን ገና እንዳዩት ወደዱት። የሶላቱ ሰዓት ሲደርስ ከመተላለፊያው ውጪ ካለው ወይራ ሥር ደልደል ያለ ቦታ ራሳቸው ጠርገው አሳዩት፤ እሱም «ማሻአላህ፣ ይኸ ነው አባት!» እያለ እኔን ያበሽቀኝ ጀመር።

ሥራ ስንጀምር አንድ አዛውንት ቄስ መጡ። «ዓለቱ ላይ ምስማር አይመታም!» አሉ፤ እኛም አላሰብነውም ነበር፣ ግን ማልንላቸው። በሁለቱ አፎች ላይ የእንጨት መቃን አቆምንና ሴንሰሮቹን እዚያ ላይ አሰርን። ሰሌዳውን ከወይራው ሥር አደረግነው። መተላለፊያው ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ በትልቅ ቁጥር ያሳያል። ባዶ ካላለ በቀር የማዶው መብራት አረንጓዴ አይሆንም። አባቴን አጠገቤ አስቀምጬ ሁሉንም አስረዳኋቸው።

«አንድ ሰው ውስጥ ቢቀርስ?» አሉኝ።

«ቀዩ አይጠፋም።»

«አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም?»

«አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም አባዬ። ማንም አይገባበትም።»

«እሺ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ለሙከራ አሥራ ሰባት ሽማግሌዎች ለመንን። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ሰሌዳው አርባ ሦስት አለ። ሲወጡ ደግሞ ቁጥሩ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ባዶን አለፈና ሲቀነስ አራት ላይ ቆመ። ሰብሳቢው በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። አዛውንቱ ቄስ መነጽራቸውን አስተካክለው ሰሌዳውን ብዙ ተመለከቱና በለሰለሰ ድምፅ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ከባዶ በታች ያለ ሰው የት ላይ ነው የሚቆመው?»

ባልደረባዬ ወይራውን ታቅፎ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ። ሽቦውን ነቅዬ ተከልኩ፣ ኮምፒውተሩን አጠፋሁ አበራሁ። ሽማግሌዎቹን ደግሜ ባስገባቸው ሃምሳ አንድ ሆኑ።

ነገሩን የፈቱት አባቴ ናቸው። ጥቂት ሲያዩ ቆዩና «አንቺ፣ ባቡር ደፍ ይሳለማል?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የኛ ሰው በር ላይ ሲደርስ ዘው ብሎ አይገባም። ቀኙን መቃን ይሳለማል፣ ግራውን ይሳለማል፣ ወደኋላ ተመልሶ ያማትባል፣ እንደገና ግንባሩን ያስነካል። ሲወጣ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ጀርባውን ላለመስጠት ጥቂት እርምጃ የኋሊት ይሄዳል፣ ይሰግዳል፣ ረስቶት የነበረ ጸሎት ትዝ ሲለው ተመልሶ ይሳለማል። ሴንሰሩ አንዱን ሰው ሦስት ጊዜ ቢቆጥረው ምን ይፈረድበታል? ከዚህ ሀገር ተወልጄ፣ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ የተሳለምኩትን በር ባቡር ብቻ እንደሚያልፍበት አድርጌ ሠርቼው ነበር።

አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና አራት እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ገብተው ወለሉን መታ መታ አደረጉ። «እዚህ አድርጊው። ከዚህ ወዲያ ጣሪያው መውረድ ይጀምራል። ሰው ለጭንቅላቱ ስለሚፈራ ተራ በተራ፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። እዚህ ላይ ቆሞ የሚሳለም አይቼ አላውቅም።» በወዲያኛውም አፍ እንዲሁ ቦታውን አሳዩን። መቃኖቹን ወደ ውስጥ አዛወርን። አሥራ ሰባቱ ሽማግሌዎች ገቡ፤ አሥራ ሰባት አለ። ወጡ፤ ባዶ አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተጨባበጡ፤ አንዱማ ደስ ብሏቸው ብቻቸውን ገብተው ተቆጥረው ወጡ። እኔም ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን አባቴ የራሳቸውን መሰናበቻ በራሳቸው እጅ እያስተካከሉ መሰለኝ።

የንግሡ ቀን ጠዋት ከቤት ስንወጣ መቋሚያውን ሰጡኝ። «ዛሬ አንቺ ያዢው» አሉ። ፊታቸውን ለማየት አልደፈርኩም። በውጪው አፍ አጠገብ ከነበረች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሄደው ተቀመጡ። ለሠላሳ አንድ ዓመት ሲቆሙበት በኖሩበት ቦታ ተቀምጠው ሳያቸው አንጀቴን በሉት።

መብራቱ ግን እንዴት ያለ ሥራ ሠራ! አረንጓዴ ሲበራ ይገባል፣ ቀይ ሲበራ ይቆማል። ልጃገረዶቹ ቀይ በበራ ቁጥር ዘፈን ያወጣሉ፣ አረንጓዴ ሲበራ እልል ይላሉ። ባልደረባዬ ሰሌዳው አጠገብ ተቀምጦ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ሕዝቡ አብሮት መቁጠር ጀመረ። «አምስት! አራት! ሦስት!» ባዶ ሲል ጭብጨባው ተራራውን ይሞላዋል። እንዲህ ዓይነት ወረፋ አይቼ አላውቅም፤ ሰው መጠበቁን እንደ ጨዋታ ይዞት ነበር። ሰብሳቢው እንኳ ደረታቸውን ነፍተው በሰልፉ ዳርና ዳር ይመላለሱ ነበር፤ መብራቱን ራሳቸው የፈለሰፉት ይመስሉ ነበር።

ረፋዱ ላይ ዞር ብዬ ባይ ድንጋዩ ባዶ ነው። አባቴ የሉም። ከፍቷቸው ወደ ቤት የሄዱ መሰለኝ። ተከትዬ ልሄድ ፈለግሁ፤ ሥራው አልለቀቀኝም።

ወዲያው ቁጥሩ ቆመ። ገብተው የነበሩት ሁሉ ወደ ግቢው ወጥተዋል፤ ሕዝቡ «ሦስት! ሁለት! አንድ!» አለ፤ ከዚያ ሰሌዳው አንድ ላይ ቀረ። ትንሽ ጠበቅን። አንድ። ባልደረባዬ ወደ ማዶው ዲያቆን ደወለ፤ ሰው ሁሉ ወጥቷል፣ የቀረ የለም አለው። አንድ። በሁለቱም አፍ ቀይ። ግቢው ውስጥ ታቦቱ እየዞረ ስለነበር የከበሮው ድምፅ እስከ እኛ ድረስ ይመጣል፤ መግባት ያለበት ሕዝብ ደግሞ ከኋላ እየገፋ ነው።

«ይኸው ጀመረው!» አሉ ሰብሳቢው። «አንዱ ተመልሶ ተሳልሞ ይሆናል። አጥፊውና ሰው ይግባ!»

ሰሌዳው ጎን ላይ ተነቅላ የምትሰካ አንዲት ቁልፍ አለች። ስትጫን ቆጠራውን ወደ ባዶ ትመልሰዋለች፤ መሣሪያ የሚሳሳትበት ጊዜ ስላለ የግድ ታስፈልጋለች። በሙከራው ጊዜ አሥር ጊዜ ተጭኛታለሁ። ባልደረባዬ ቀና ብሎ አየኝና «ወላሂ ቆጣሪው ደህና ነው» አለኝ። ሰብሳቢው «ፍጠኚ እንጂ!» አሉ። ከኋላቸው ሌላው፣ ከሌላው ኋላ ሌላው ጮኸ። ጣቴን ቁልፏ ላይ አደረግሁ። እውነቱን ልናገር፤ ሰሌዳው ተሳስቷል ብዬ አምኜ ነበር።

ግራ እጄ ላይ መቋሚያው ነበረ። አምና በዚህ ሰዓት አባቴ በዚህ ሕዝብ ፊት ብቻቸውን ቆመው «መቋሚያው ሳይመጣ» ሲሉ ታየኝ። እኛም ሥራ ቦታ ሕግ አለን፤ መንገዱ በዓይን ሳይታይ ባዶ ነው አይባልም። ጣቴን አነሣሁ። «ገብቼ አያለሁ» አልኩ። ሰብሳቢው የሆነ ነገር ተናገሩ፤ አልሰማኋቸውም። ባልደረባዬ «አብሽሪ፣ እኔ አለሁ!» አለኝና ሰሌዳው ፊት ቆመ።

የስልኬን መብራት ይዤ ገባሁ። ጣሪያው ዝቅ የሚልበት፣ መሐሉ ላይ ስደርስ ነጭ ነገር አየሁ። አባቴ ናቸው። ሁለት መዳፋቸውን ዓለቱ ላይ ለጥፈው፣ ግንባራቸውን አስነክተው ቆመዋል።

«አባዬ! ምን ሆኑብኝ? አመመዎት?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ። መብራቱን አጥፊውና ስሚ።»

አጠፋሁት። ከግቢው የሚመጣው ከበሮ በጆሮዬ አልነበረም የገባው። በዓለቱ በኩል መጥቶ በእግሬ ሥር ወጣ፣ ደረቴ ውስጥ ገብቶ መታ። ዝማሬው ከአራቱም ጎን ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

«የሚወጣው ሰው ሁሉ ይነግረኝ ነበር» አሉ አባቴ። «መሐሉ ላይ እንዲህ ነው፣ መሐሉ ላይ እንዲያ ነው እያለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በወሬ ሰማሁት።»

«ታዲያ ለምን አንድ ቀን አልገቡም? መቋሚያው በእጅዎ አልነበረም?»

«ፈርቼ ነዋ!» ሳቅ አሉ። «ያን ጊዜ ከታፈንኩ ወዲህ በንግሥ ቀን መግባት አልሆነልኝም። መቋሚያውን ለሌላ ሰጥቼ ብገባ፣ ያ ሰው ለሚጠብቁት አዝኖ ወይ እነሱ ተቆጥተውት ሕዝቡን ቢለቅብኝስ? ማንን አምናለሁ?»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ አንቺ አለሽ። አንድ ሰው ውስጥ ካለ ቀዩ አይጠፋም ብለሽኝ የለ? ከሁሉ ኋላ ገባሁና እንደልቤ ቆምኩ።»

በጨለማው ውስጥ እጃቸውን ፈልጌ ያዝኩ። እንባዬ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ መሳቅ ጀመርኩ። እሳቸውም ሳቁ። አንድ ደቂቃ ያህል እጅ ለእጅ ተያይዘን ከበሮውን ሰማን። ቀጥሎ መቋሚያውን ሰጠኋቸውና እሳቸው ከፊት ከፊት እየሄዱ ወደ ግቢው ወጣን። ኋላችን አረንጓዴ በራ፤ እልልታው ቀለጠ።

በውጪ ምን እንደተደረገ ባልደረባዬ ማታ እራት ላይ ነገረን። እኔ እንደገባሁ ሰሌዳው ሁለት ሲል ሰብሳቢው «ይኸው! ጭራሽ ጨመረ! ተበላሽቷል!» ብለው ጮኹ። ያን ጊዜ ከወረፋው ፊት አንዲት እናት ወገባቸውን ይዘው ብቅ አሉ፤ የአምናዋ የኮን እናት። «ምኑ ነው የተበላሸው?» አሉ። «አንድ ነበረ፤ እሷ ገባች፤ ሁለት ሆነ። ዝም ብለው አይጠብቁም?» ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ቆሞ ጠበቀ። አባቴ ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከመመለሴ በፊት ቁልፏን ከሰሌዳው ነቀልኩና በገመድ መቋሚያው ጫፍ ላይ አሰርኳት። ከአሁን በኋላ ሰሌዳው ወደ ባዶ የሚመለሰው፣ መቋሚያውን የያዘው ሰው መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ሄዶ ካየ ብቻ ነው አልኩ። መቋሚያውን ማን እንደሚይዝ ሰብሳቢው እንኳ አልጠየቁም። አባቴ ቁልፏን አገላብጠው አዩና ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ጠየቁኝ። የባቡር ሕግ ነው አልኳቸው። ጣቴ ቁልፏ ላይ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።